ጆሮ አየር ይሻል፤ ታካሚም ቀጠሮ

ከሕመሞች ሁሉ ለመናቅ የሚመቸው የጆሮ ፈሳሽ ነው። አያስተኛም፤ ብዙ ጊዜ ትኩሳት አያመጣም፤ ከሥራ አያስቀርም። በጥጥ ይጠረጋል፣ በሻሽ ወይም በሒጃብ ይሸፈናል፣ ቀኑም ያልፋል። በዶሃና በዙሪያዋ፣ ከአል ራያን እስከ አል ወክራ፣ ከሰናዒያ የሠራተኞች መኖሪያዎች እስከ መሐል ከተማ ቤቶች ድረስ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመግል ጆሮ ይዞ ባሕር የተሻገረ ኢትዮጵያዊ አይጠፋም። «ልማዱ ነው» ተብሎ የተተወው ይህ ፈሳሽ ግን አንዳንድ ጊዜ የጆሮን አጥንት ቀስ በቀስ የሚበላ፣ በመድኃኒት ብቻ የማይድን፣ ቀዶ ሕክምና የሚያሻው ሕመም ምልክት ነው። ሐኪሞች ኮሌስቲያቶማ ይሉታል።

ስለዚህ ሕመም ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች ይሰማሉ። የመጀመሪያው የጆሮ መፍሰስ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ነገሩ አብቅቷል የሚል ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያሰጋል፤ ሐኪም ቤት የደረሰውን፣ የታከመውን፣ ተስፋ ያደረገውን ሰው ስለሚያዘናጋ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሕመሙን ያወጣል፤ ሕመሙን የወለደው የአየር እጦት ካልተስተካከለ ግን ያው ጆሮ ያንኑ ሕመም መልሶ ሊያበቅል ይችላል። ለስደተኛ ሠራተኛ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው፤ የሕክምናው ግማሽ የሚፈጸመው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ፣ በሚቀጥለው ዓመትና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀጠሮዎች ነውና። ስለሆነም ለሠራተኛው፣ ለቀጣሪውና ለሐኪሙ አብሮ መነሣት ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ታካሚ ከዓመት በኋላ የት ይሆናል?

የሕመሙን ጠባይ ለመረዳት የጆሮን አሠራር በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ መካከለኛ ጆሮ ትባላለች። በውስጧ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘው ድምፅን ከታምቡሩ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያሻግራሉ። ይህች ክፍል ሥራዋን የምትሠራው በአየር ስትሞላ ብቻ ነው። አየሩ የሚገባው ክፍሏን ከአፍንጫ ኋላ ካለው የጉሮሮ ክፍል ጋር በሚያገናኘው፣ ኢስታሺያን ቱቦ በሚባለው መተላለፊያ በኩል ነው። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 3.5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው ይህ ቱቦ ሰው ሲውጥና ሲያዛጋ ለቅጽበት ይከፈታል፤ ከዚያም ይዘጋል። አውሮፕላን ሲወርድ ጆሮው «ጧ» ብሎ የተከፈተለት ሁሉ ሥራውን ያውቀዋል።

ቱቦው በደንብ የማይከፈት ከሆነ በውስጥ ያለውን አየር የክፍሏ ስስ ሽፋን ቀስ በቀስ ይመጠዋል፤ የሚተካው ግን አይገባም። ያን ጊዜ በመካከለኛው ጆሮ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ ታምቡሩም ወደ ውስጥ ይሳባል። በተለይ የላይኛው የታምቡር ክፍል ልል ስለሆነ ቀድሞ ይጎደጉዳል፤ እንደ ከረጢት ያለ ኪስ ይሠራል። የታምቡሩ የውጭ ገጽ ቆዳ ነው፤ ቆዳ ደግሞ ዘወትር ይረግፋል። ጤነኛ ጆሮ እርጋፊውን ወደ ውጭ ገፍቶ ያስወግዳል፤ ኪሱ ውስጥ የገባው እርጋፊ ግን መውጫ ያጣል። ይከማቻል፣ ይረጥባል፣ ተዋሲያን ይራቡበታል፤ ኪሱም እየሰፋ በዙሪያው ያለውን አጥንት ይበላል።

ስሙ ራሱ የቆየ ስሕተት ቅርስ ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1838 ይህን ስም ሲያወጣ ኮሌስትሮል ያለበት እባጭ መስሎት ነበር። እውነታው ግን ኮሌስትሮልም የለበትም፤ ካንሰርም አይደለም። ያለ ቦታው የበቀለ ቆዳ ነው። ካንሰር አለመሆኑ ግን የዋህ አያደርገውም። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚበላው የመስፍን ረጅም እግር ነው፤ ያን ጊዜ የድምፁ ሰንሰለት ይበጠስና መስማት ይቀንሳል። ከዚያ ሲያልፍ የፊት ነርቭን ነክቶ ፊትን ሊያጣምም፣ የሚዛን ቦዮችን ሰርስሮ ሊያንገዳግድ፣ በላይ ያለውን ስስ አጥንት በስቶ ወደ አንጎል ሽፋን ሊደርስና ማጅራት ገትር ወይም የአንጎል መግል ሊያስከትል ይችላል።

ምልክቶቹን ለመለየት ልዩ ዕውቀት አያስፈልግም። ክፉ ሽታ ያለው፣ በጠብታ መድኃኒት ጋብ ብሎ ተመልሶ የሚመጣ ፈሳሽ፤ በአንድ ወገን እየቀነሰ የሚሄድ መስማት፤ ጆሮ የተደፈነ መምሰል፤ እነዚህ ወደ ሐኪም የሚወስዱ ናቸው። ማዞር፣ የፊት መጣመም፣ ከጆሮ ጀርባ ማበጥ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር ከተጨመረባቸው ነገሩ ለነገ የማይባል ነው፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል። በቤት ውስጥ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የእናት ጡት ወተት ማንጠብጠብ ግን ፈሳሹን ይቀላቅላል፣ ተዋሲያንንም ይመግባል እንጂ ኪሱን አያጸዳም። በእንጨት ወይም በጸጉር መርፌ መጎርጎርም ታምቡሩን ከመብሳት ያለፈ ጥቅም የለውም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳይ እንገባለን። የኮሌስቲያቶማ ቀዶ ሕክምና ሁለት ግቦች አሉት። የመጀመሪያው ሕመሙን ነቅሎ ማውጣትና ጆሮውን ከአደጋ ነጻ ማድረግ ነው። ሁለተኛው አየር የሚመላለስበትና በተቻለ መጠን የሚሰማ ጆሮ መተው ነው። ሐኪሞች ሕመሙ ተመልሶ ሲገኝ ሁለት ዓይነት መሆኑን ይለያሉ። አንዱ ቅሪት ነው፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከዓይን ተሰውሮ የቀረ ጥቂት ቆዳ ዳግም ያድጋል። ሌላው አዲስ ነው፤ የቀድሞው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሳለ ታምቡሩ አየር አጥቶ እንደገና ወደ ውስጥ ይሳባል፣ አዲስ ኪስም ይሠራል። የመጀመሪያውን የሚከላከለው የቀዳጁ ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛውን የሚከላከለው አየር ነው። ስለዚህ «ሐኪሙ አላወጣውም» የሚለው ወቀሳ ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም፤ ወጥቶም ሊመለስ ይችላልና።

አየርን ወደ መካከለኛው ጆሮ ለመመለስ የሕክምናው ጥበብ ያፈራቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው የተዘጋውን መተላለፊያ መክፈት ነው። መካከለኛው ጆሮ እንደ ገጠር ቤት ወለልና ቆጥ አለው ቢባል ነገሩን ያስረዳል። ቱቦው የሚገባው በወለሉ በኩል ነው፤ ቆጡ አየር የሚያገኘው በአጥንቶቹ መካከል ባለች ጠባብ መሸጋገሪያ ነው። ይህች መሸጋገሪያ በእብጠት፣ በጠባሳ ወይም በስስ ሽፋን ከተዘጋች ቱቦው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቆጡ ብቻ አየር ያጣል፤ ኪሱም በዚያው በላይኛው ክፍል ይጀምራል። በጣልያን የሞዴና ሐኪሞች ትኩረት ሰጥተው እንዳሳዩት፣ ቀዳጁ ይህችን መሸጋገሪያ ሲጠርግና የሚጋርደውን ሽፋን ሲከፍት ቆጡ እንደገና ይተነፍሳል።

ይህን ለማየት የረዳው መሣሪያ ኢንዶስኮፕ ነው። ማይክሮስኮፕ ከሩቅ ቀጥ ብሎ ያያል፤ ከግድግዳ ጀርባ ያለውን ለማየት አጥንት መቦርቦር ያስፈልጋል። ቀጭኑ ኢንዶስኮፕ ግን በጆሮ ቦይ ገብቶ ጥጋጥጉን ያሳያል። በዚህ ረገድ የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ተመልካች ብቻ አልነበረም። በዱባይ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሙዓዝ ታራቢሺ ኮሌስቲያቶማን በኢንዶስኮፕ ስለማከም ያሳተሙት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጥቶ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለተስፋፋው ዘዴ ፈር ከቀደዱት መካከል ተቆጥሯል።

ሁለተኛው መንገድ ከጤነኛው ሽፋን የሚቻለውን ያህል ማትረፍ ነው። የመካከለኛው ጆሮና ከጆሮ ጀርባ ያለው የማስቶይድ አጥንት ክፍተቶች ሽፋን አየር በመለዋወጥ ሥራ ይሳተፋል። የተገፈፈ ቦታ ይጣበቃል፤ የተጣበቀ ቦታ አየር አይይዝም። ሽፋኑ በብዛት መነሣት ካለበት አንዳንድ ቀዳጆች እንዳይጣበቅ ስስ የሲሊኮን ንጣፍ ያስቀምጣሉ፤ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥም በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያወጡታል። በዚያው ጊዜ ቅሪት መኖር አለመኖሩን ያያሉ፤ የተበላውንም አጥንት በሰው ሠራሽ ይተካሉ።

ሦስተኛው መንገድ ታምቡሩን ማጽናት ነው። ከታካሚው ከራሱ የጆሮ ቅርፊት የሚወሰድ ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) በስሱ ተቆርጦ ከታምቡሩ ሥር ይደረጋል። ይህ አየር አያስገባም፤ ነገር ግን አየር ሲያንስ ታምቡሩ በቀላሉ እንዳይሳብ ይይዘዋል። አራተኛው በታምቡሩ ላይ የሚተከል ጥቃቅን የአየር ቱቦ ነው። አሜሪካዊው ቤቨርሊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቁት ይህ ዘዴ በተለይ ለሕፃናት በእጅጉ ይሠራበታል። ቱቦው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወራት እስከ ዓመት ቆይቶ ራሱ ይወድቃል፤ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ኢስታሺያን ቱቦውን በትንሽ ፊኛ የማስፋት ዘዴም መጥቷል። ለአንዳንድ የቱቦ ችግር ጥቅም ላይ ቢውልም፣ ኮሌስቲያቶማ ያለበትን ጆሮ ብቻውን ያድናል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አምስተኛው መንገድ ከሌሎቹ በተቃራኒው ያስባል፤ አየር ወደ ሁሉም ክፍተት መመለስ ካልተቻለ አየር የሚፈልገውን ክፍተት መቀነስ ይሻላል ይላል። የተቦረቦረው የማስቶይድ ጉድጓድ በታካሚው በራሱ የአጥንት ፍርፋሪ፣ ልም አጥንት ወይም ጡንቻ ይሞላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ሃሪስ ሞሸር እ.ኤ.አ. በ1911 ጉድጓዱን በጡንቻ ስለመሙላት ጽፈው ነበር። ዛሬ በአጥንት የመሙላቱ ዘዴ፣ በተለይ በአውሮፓ ማዕከላት፣ የሕመሙን መመለስ በመቀነስ ጥሩ ውጤት ታይቶበታል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ቀዳጁ አንድ ትልቅ ውሳኔ ይወስናል፤ የጆሮ ቦይን የኋላ ግድግዳ ያፈርሰዋል ወይስ ይተወዋል? ግድግዳው ከፈረሰ ማስቶይዱና የጆሮው ቦይ አንድ ሰፊ ጉድጓድ ይሆናሉ። ሁሉም ነገር በግልጽ ስለሚታይ ሕመሙ ተደብቆ የሚያድግበት ዕድል ይቀንሳል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ጉድጓዱ ራሱን አያጸዳም፣ በየጊዜው በሐኪም እጅ መጠረግ አለበት፣ ውኃ ሲገባበት ይመግላል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም አየር ሲነካው ያዞራል፣ የመስሚያ መሣሪያ ለማድረግም ያስቸግራል። ግድግዳው ከተተወ ጆሮው ወደ ተፈጥሮው ይቀርባል፤ ነገር ግን ከግድግዳው ጀርባ ቅሪት ተሰውሮ ሊቆይ፣ ኪሱም እንደገና ሊጀምር ስለሚችል ተመልሶ ማየት ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ማብራሪያ ወደ ስደተኛው ሲመጣ ትርጉሙ ይለወጣል። አንዲት በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ከከሚሴ ወይም ከደሴ ዙሪያ የመጣች የቤት ሠራተኛ ውል ለሁለት ዓመት ነው እንበል። ቀዶ ሕክምናው በውሉ ማብቂያ አቅራቢያ ተደርጎ፣ ግድግዳው ተትቶ፣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ለመጪው ዓመት ቢቀጠር፣ ቀጠሮው በደረሰ ጊዜ እርሷ አገሯ ናት። ጆሮዋ ደርቋል፤ አያማትም፤ ስለዚህ ሄዳ አትታይም። ኪሱ ከተመለሰ ደግሞ የሚመለሰው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ የሚገለጠው እንደገና ሲፈስ፣ ወይም መስማት ሲደክም ነው። ጥበበኛ እጅ የሠራው ሥራ በቀጠሮ እጦት ሊፈርስ የሚችለው በዚህ ዓይነት ነው።

አንዳንዱ «እንዲህ ከሆነማ የማይመለሰውን ታካሚ ሁሉ ግድግዳውን አፍርሶ በአንድ ጊዜ መገላገል ነው» ይል ይሆናል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። መከታተል የማይቻል ሲሆን ደኅንነትን ማስቀደም በሕክምናው ዓለም የታወቀ አካሄድ ነው፤ ሕመሙ በስፋት ለተሰራጨበት፣ ወይም የሚሰማ አንድ ጆሮ ብቻ ለቀረው ታካሚ ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል። እንደ ደንብ ሲያዝ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ የተከፈተው ጉድጓድም ቀጠሮ ይፈልጋል፤ ሳይጠረግ የቆየ ጉድጓድ ይመግላል፤ ከከተማ ርቃ ለምትኖር ሴት ደግሞ የሚጠርግላት ሐኪም ማግኘት ጉዞና ወጪ ነው። ሁለተኛ፣ ስደተኛ መሆን ብቻውን ለወጣት ሰው ዕድሜ ልኩን የሚከተል ጉድጓድ ለመስጠት በቂ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ፍርዱ በጆሮው ሁኔታ መሰጠት አለበት፤ የመኖሪያ ፈቃድ ቀን የሚመዘን አንድ ነገር እንጂ ብቸኛው መዝኖ መሆን የለበትም።

መካከለኛ መንገድም አለ። ቀድሞ ቅሪትን ለማየት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነበር መፍትሔው። አሁን በልዩ ዘዴ የሚነሣ የኤምአርአይ ምስል 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነን ቅሪት እንኳ ያለ ጨረርና ያለ መርፌ ሊያሳይ ይችላል። ግድግዳው ተጠብቆ ጉድጓዱ በአጥንት ከተሞላ፣ ክትትሉ ለምሳሌ ከአንድ ዓመትና ከአምስት ዓመት በኋላ በሚነሣ ምስል ሊደገፍ ይችላል። ይህ ግን የሚሠራው ታካሚው ምን እንደተደረገለት፣ መቼ መታየት እንዳለበትና ምን ዓይነት ምስል እንደሚያስፈልገው በወረቀት ይዞ ሲሄድ ብቻ ነው። ያለዚያ ከዶሃ የተነሣው ጆሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ታሪክ የሌለው ጆሮ ይሆናል።

ኳታር ለዚህ ሕክምና የሚሆን ተቋም አላት። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው ሐማድ ሜዲካል ኮርፖሬሽን በሥሩ ካሉት ሆስፒታሎች ጋር የከአንገት በላይና የመስማት ምርመራ አገልግሎት ይሰጣል፤ ለሕፃናት ሲድራ ሆስፒታል አለ። ወደዚያ የሚያደርሰው የተለመደ መንገድ በየአካባቢው ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምራል። ስለዚህ የጤና ካርድን በጊዜው ማሳደስና ጤና ጣቢያ ሲገቡ «ጆሮዬን ያመኛል» ከማለት አልፎ «ከልጅነቴ ጀምሮ ይፈሳል፣ ይሸታል፣ ከዓመት ወዲህ በዚህ ወገን መስማቴ ቀንሷል» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ንግግር ጠብታ ያሳዝዛል፤ ሁለተኛው ወደ ስፔሻሊስት ያስልካል። ዐረብኛው ወይም እንግሊዝኛው የማይበቃ ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ አያሳፍርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና።

ሕጉም ለሠራተኛው ጀርባውን አልሰጠም። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 ሠራተኛው ሲታመም የጤና እንክብካቤና መድኃኒት የማቅረብን ግዴታ በቀጣሪው ላይ ይጥላል፤ በሕመም ፈቃድ ላይ ያለን ሠራተኛ ማሠራትንም ይከለክላል፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንም ደንግጓል። በድርጅት ለተቀጠሩት የ2004ቱ የሥራ ሕግ ከሦስት ወር አገልግሎት በኋላ ለሁለት ሳምንት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ አራት ሳምንታት ግማሽ ደመወዝ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ከ2020 ወዲህም ሠራተኛ የቀድሞ ቀጣሪውን የፈቃድ ደብዳቤ ሳይጠይቅ ሥራ መቀየር ይችላል፤ ስለዚህ ቀጣሪ መለወጥ ቀጠሮ ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

ይሁን እንጂ የሕግ አንቀጽ ብቻውን ቀጠሮ አያስከብርም። ቀጣሪው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ከጆሮ ቀዶ ሕክምና የተነሣች ሠራተኛ በውጭ ስትታይ ጤነኛ ትመስላለች። ቁስሉ ከጆሮ ጀርባ ተሸፍኗል፤ ትሄዳለች፣ ትናገራለች። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንጣፍ ማንሣት፣ ወለል ላይ ጎንበስ ብሎ መጥረግ፣ ሕፃን አዝሎ ደረጃ መውጣት በጆሮው ውስጥ የተቀመጠውን ስስ ሽፋን ከቦታው ሊያንሸራትት ይችላል። ከዚያ በኋላ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለግማሽ ቀን ወደ ሐኪም መላክ ለቤቱ ትንሽ ነገር ነው፤ ለእርሷ ግን የመስማትና ያለመስማት ጉዳይ ነው። ልጅ ሲያለቅስ የሚሰማ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ የሚሰማ ሠራተኛ ለቤቱም ይጠቅማል።

የሙስሊም ታካሚ ደግሞ ሌሎች ጥያቄዎች አሉት፤ ብዙዎቹም ሳይጠየቁ በልብ ይቀራሉ። ቀዶ የተደረገለት ጆሮ እስኪድን ከውኃ መጠበቅ አለበት። በውዱእ ጊዜ ጆሮ በእርጥብ ጣት ይታበሳል እንጂ ውኃ አይፈስበትም፤ ፋሻ ካለበት በፋሻው ላይ ማበስ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ገር መንገድ ነው። ለገላ መታጠብ በቫዝሊን የታሸ ጥጥ በጆሮው ቀዳዳ ማድረግ በሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ምክር ነው። አፍንጫን በኃይል መናፈጥም ሆነ ውኃን በኃይል መሳብ ግፊቱን በቱቦው በኩል ወደ ጆሮ ይልካል፤ ስለዚህ በለዘብታ ማድረግ ይገባል። ለጾመኛ አጋኖ መሳብ የማይወደድ መሆኑ አስቀድሞም የታወቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪሙ ጎንበስ ማለትን ከከለከለ፣ ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድ ማስታወስ ይበቃል።

የረመዳን የጆሮ ጠብታም እንዲሁ ያወዛግባል። መሠረቱ በሚቀመጥበት በጅዳ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ፣ የጆሮ ጠብታ ወደ ጉሮሮ የደረሰው ካልተዋጠ ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ታምቡሩ የተበሳ ሰው ጠብታው በቱቦው በኩል ጉሮሮው ላይ ሊመጣበት ስለሚችል፣ ሐኪሙን ጠይቆ ጠብታውን ለሌሊት ማድረግ፣ የተቀረውንም የሚያምነውን ዓሊም መጠየቅ ይችላል። የማይገባው ግን አንድ ነገር ነው፤ ማንንም ሳይጠይቁ ለሠላሳ ቀን መድኃኒት ማቆም።

ቀጠሮን የሚያበላሹ ትናንሽ ነገሮችም መነሣት አለባቸው። በሐኪም ቤት ወረቀት ላይ «9፡00» ተብሎ የተጻፈ ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ከቀትር በኋላ የመጣ ታካሚ ቀጠሮው አልፎበታል። ቀኑም የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስልክ ቁጥር ሲቀየር ለሆስፒታሉ ካልተነገረ የማስታወሻው መልእክት ለማያውቀው ሰው ይደርሳል። እነዚህ ነገሮች ከሳይንሱ አጠገብ ሲቀመጡ ያንሳሉ፤ ነገር ግን ጥሩ ቀዶ ሕክምናን ከንቱ ለማድረግ ይበቃሉ።

ወደ አገር የሚመለስ ታካሚ አምስት ነገር ይዞ ይመለስ፦ ምን እንደተሠራና ግድግዳው እንደፈረሰ ወይም እንደተተወ የሚገልጽ የቀዶ ሕክምና ሪፖርት፤ የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስሎች ከነንባባቸው፤ ከቀዶው በፊትና በኋላ የተደረጉ የመስማት ምርመራ ውጤቶች፤ በጆሮው ውስጥ የተቀመጠ ንጣፍ ወይም ሰው ሠራሽ አጥንት ካለ ዓይነቱ፤ የሚቀጥለው ምርመራ መቼና ምን እንደሆነ። ከሐኪሙም የመብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአውሮፕላን ግፊት ገና ያልዳነውን ታምቡር ሊጎዳ ይችላልና። በኢትዮጵያ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ከአንገት በላይ ሐኪሞች አሉ። ወረቀቱን ይዞ የመጣ ታካሚ ከአንድ ቦታ ይቀጥላል፤ ባዶ እጁን የመጣ ግን ከዜሮ ይጀምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግር ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው ገልጿል። በዚህ ትልቅ ቁጥር ውስጥ የመግል ጆሮ ድርሻ የሚያሳዝነው አብዛኛው ሊከላከሉት የሚቻል መሆኑ ነው። የኮሌስቲያቶማ ቀዶ ሕክምና ቴክኒኮች ወደፊትም ይሻሻላሉ፤ ኢንዶስኮፑ ይቀጥናል፣ ምስሉ ይጠራል። በየትኛውም ዘዴ የታከመ ጆሮ ግን አየር መኖሩን የሚያረጋግጠው የሚያየው ዓይን ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ቢላውን ከማንሣቱ በፊት የታካሚውን ውል ማብቂያ ይጠይቅ፤ ታካሚውም ሳይፈራ እውነቱን ይናገር፤ ቀጣሪው የቀጠሮውን ቀን ከቤቱ ሥራ ቀን አስቀድሞ ይመዝግብ። ማኅበረሰቡም የሚመለስ ወንድሙንና እኅቱን ሲሸኝ ከሻንጣው ክብደት ጋር አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ የሐኪም ወረቀትሽን ይዘሻል? ወረቀትህን ይዘሃል?